የአያቴን ፀሐይ ማን ያጠፋታል

ሶክባት መንደር፣ ጄጁ ደሴት
ኦክቶበር 14

ለተከበርሽው አክስቴ ሚርዮንግ፣

እኔ ቡ ዳንቢ፣ ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት፣ አእምሮዬ በአመዛኙ ጤነኛ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፤ ያ ሳል የእኔ ነው።

ስለዚህ አትጨነቂ፤ አያቴ አልታመመችም። መድኃኒትም አትላኪ። ትናንት ለጎመኗ ሁለት ከረጢት ማዳበሪያ ተሸክማ ሽቅብ ስትወጣ፣ እኔ ባዶ እጄን ከኋላዋ እያለከለክሁ ነበር። ዞር ብላ አየችኝና "ወጣት ተብዬ!" ብላኝ መንገዷን ቀጠለች። ከመብራት መቆጣጠሪያ ክፍላችሁ በተደወለ ቁጥር "እህ... እህ... እሺ ልጄ፣ አጠፋዋለሁ" የምትለው አሮጊት እኔ ነኝ። ሳሉን የጨመርኩት ለማሳመር ብዬ ነው። ያ ወጣት ባልደረባሽ "እማማ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡበት" ሲለኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ! በዕድሜዬ ሙሉ ማንም እንደዚያ አክብሮኝ አያውቅም።

በስልክ መነጋገር እየቻልን ለምን ወረቀት እንደማባክን ትጠይቂ ይሆናል። አያቴ ስልክ ይዤ ካየችኝ "ጣትሽ ይርገፍ" ትላለች። ብዕር ከያዝኩ ግን የማጠና ይመስላትና ስኳር ድንች ቀቅላ ታመጣልኛለች። ይህን ስጽፍ ሁለተኛው ላይ ደርሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የጸደይ ዕለት በአንቺ ጫፍ ምን እንደተሰማ አላውቅም፤ በእኛ ጫፍ የሆነውን ልንገርሽ። አያቴ የመንደሪን ዛፎቿን ነቅላ ያስተከለችው ሶላር መሥራት ከጀመረ ገና ወሩ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፣ ቆጣሪው ይሽከረከራል፣ እሷ ኩርሲዋን ቆጣሪው ፊት አድርጋ እንደ ቴሌቪዥን ድራማ ታየዋለች። ስልኩ ጮኸ። ድምፁን እኔም ሰማሁት።

"ክብርት ባለ ጣቢያ፣ ደሴቱ ላይ ኃይል ስለበዛ ከረፋዱ አምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲያጠፉ በትሕትና እንጠይቃለን።"

"ሚርዮንግ? አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ?"

"ክብርት ባለ ጣቢያ፣ ትእዛዙን መስማትዎን ያረጋግጡልን።"

አያቴ ስልኩን ሩዝ መቀቀያው ላይ አስቀመጠችውና ወጣች። ማታ አባቴ ከቡሳን ሲደውል አንድ ነገር ብቻ አለችው፦ "ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ልጅ ክብርት ባለ ጣቢያ ብላኝ አረፈች።" ከዚያ ወዲህ ስምሽ በዚህ ቤት አይጠራም። በምትኖሪበት ከተማ "የናጁዋ ሴትዮ" ነው የምንልሽ።

እኔም ለቤቱ ሰላም ብዬ ስልኩን ወሰድኩት። "ጥሪው ቆሟል፣ እዚያ ማዶ አስተካክለውታል" አልኳት። ደግነቱ ትእዛዛችሁ የሚመጣው ፋብሪካ በሚዘጋበት፣ እኔም ትምህርት በሌለኝ ቅዳሜና እሑድ ነው። እየሳልኩ እሺ እላለሁ፣ ሮጬ አጠፋለሁ፣ ሮጬ አበራለሁ። ራሴን እንደ ዲፕሎማት እየቆጠርኩ ነበር።

አሁን ግን ዲፕሎማቷ ተጨንቃለች። አያቴ ቆጣሪውን ማየት አልተወችም። ደመና ባለበት ቀን ይዞራል፤ ፀሐይ ድንጋዩን በምታቃጥልበት እሑድ ቀጥ ይላል። ይህን ለወራት ስታሰላስል ቆይታ መልሱን አገኘችው። ሠራተኞቹ የሶላሩን እግር የተከሉት በመጸው ነበር፤ መሬት ያለ ቅጣት የሚቆፈርበት ሲንጉጋን እስኪደርስ አልጠበቁም። አማልክቱ ለዓመታዊ ዝውውር ወደ ሰማይ ሳይወጡ፣ የመሬቱ ጌታ እቤቱ ቁጭ ብሎ እያለ ጀርባውን በሱት! "ታዲያ ባይቆጣ ነው የሚገርመው" ትላለች።

ስለዚህ በዚህ ሲንጉጋን፣ በጃንዋሪ መጨረሻ አማልክቱ ሲወጡ፣ ሶላሩን ልታስነቅል ነው። መሬቱን ካፌ ሊሠራበት ለሚፈልግ የሴኡል ሰው ልትሰጥ፣ እሷም ቡሳን አባቴ ዘንድ ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ልትገባ። አያቴ! ዐሥራ አራተኛ ፎቅ! ጎመን የት ልትተክል ነው፣ ሊፍት ውስጥ? የሴኡሉን ሰው ያመጡት የመንደራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ መንደሩ እንዲዘምን ነው አሉ። እሳቸው ራሳቸው ሞባይላቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ነው የሚይዙት።

ምን ላድርግ? ደግሞ ፀሐይ እንዴት "በዛ" ይባላል? እሱን መጀመሪያ ለእኔ አስረጂኝ።

ዲፕሎማቷ የወንድምሽ ልጅ፣
ዳንቢ


ናጁ
ኖቬምበር 5

ውድ ዳንቢ፣

ሳልሽን ይማርሽ። ለመልሴ መዘግየት ይቅርታ፤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እማዬ ደህና መሆኗን ሳነብ እፎይ አልኩ። ልቆጣሽ ይገባ ነበር፤ ሌላ ጊዜ።

ስለ ጥያቄሽ። በአዲስ ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ጫፍ ቆመው የሚዘሉበትን ሳንቃ ታውቂዋለሽ። መብራት ማለት ያ ሳንቃ ነው። በአንዱ ጫፍ አገር ሙሉ የሚያመነጨው፣ በሌላው አገር ሙሉ የሚጠቀመው ቆሟል፤ ክብደታቸው በየቅጽበቱ እኩል መሆን አለበት። እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው አንድ ቁጥር ነው፤ ስድሳ። የመሥመሩ ምት በሰከንድ ከስድሳ ዝቅ ካለ ኃይል አንሷል፣ ከፍ ካለ በዝቷል። ወደ የትኛውም ጎን ከራቀ ማሽኖች ራሳቸውን ለማዳን አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ሳንቃው ላይ ያለው ሁሉ ይወድቃል። ደሴቲቱ ትንሽ ሳንቃ ናት። በባሕር ሥር ያለው ገመድ ወደ እኛ፣ ወደ ዋናው ምድር፣ የሚያሻግረው ልክ አለው፤ እሑድ ፀሐይና ነፋስ አብረው ሲመጡ ደግሞ እኛም ዘንድ የሚፈልገው ሰው ያንሳል።

ትልልቆቹ ጣቢያዎች የሚመሩት በገበያ ነው። ከዋዜማው "ነገ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል እሰጣለሁ፣ በዚህ ዋጋ" ይላሉ። ከርካሹ ጀምረን እንጠራቸዋለን፤ ፍላጎቱ ሲሞላ እናቆማለን። መጨረሻ የተጠራው ዋጋ የተጠሩት ሁሉ ዋጋ ይሆናል። ማን ይሥራ ማን ይረፍ የሚለውን ዋጋው ይነግራቸዋል። እንደ እማዬ ያሉት ትንንሾቹ ግን ሰልፉ ውስጥ የሉም። ፀሐይ ስትወጣ ይገባሉ፣ የሚጠይቃቸው የለም። ስለዚህ ሲበዛ "ይበቃል" የሚላቸው ዋጋ ሳይሆን ስልክ ነው። ስልኩን የማነሳው ደግሞ እኔ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለእማዬ ባልደረባዬን አስደውላለሁ።

ያን ቀን ያነበብኩላት ለሁሉም የሚነበበውን ነው፤ መሥመሩ ይቀረጻል፣ ከጽሑፉ አንወጣም። ይህን ሰበብ አድርጌ ያቀረብኩት እንዳይመስልሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት። ሌላ ጠረጴዛ ሊሰጡኝ ሲሉ የደሴቲቱን ያልለቀቅሁት በስክሪኑ ላይ ከብዙ ነጥቦች መካከል የእሷ ማሳ ስላለች ነው። ጠዋት ቁጥሯ ትንሽ ብድግ ካለ የሶላሩን መስታወት እንዳጠበችው አውቃለሁ። "ዛሬ ወገቧ ደህና ነው" እላለሁ። እሑድ ዜሮ ስትሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

መሬቱ ተቆጥቶ አይደለም ብለሽ እንድታሳምኛት እለምንሻለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። የእኔ ስም ባይነሳ ይሻላል።

አክስትሽ


ሶክባት
ዲሴምበር 11

አክስቴ፣

በስልክ መልእክት ስለ እሑዱ ነገር ጠይቀሽኛል። ስለ እሑዱ ነገር ባልናገር እመርጣለሁ።

እሺ፣ እናገራለሁ። ሐሳቤ ግን ቅዱስ ነበር። ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ሁሉ ነገር ገባኝ፤ ይህ ማለት እኮ ወደባችን ላይ ያለው የዓሣ ጨረታ ነው! አንዱ ልዩነት ዓሣ በረዶ ውስጥ ይቆያል፣ መብራት በረዶ የለውም። (ባትሪ በረዶ ነው እንደምትዪ አውቃለሁ፤ እሱም ገና አልበቃም ትያለሽ።) ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ አንድ እሑድ፣ አንድ ብቻ፣ ትእዛዙን እሺ ብዬ ሳላጠፋ ልተወው። አያቴ በጠራራ ፀሐይ ቆጣሪው ሲዞር ታያለች፣ መሬቱ እንዳልተቆጣ ታምናለች፣ ካፌ የለ፣ ዐሥራ አራተኛ ፎቅ የለ። ከባሕር አንዲት ዓሣ ብትበዛ ማን ይቆጥራል?

አያቴ ቆጣሪው ፊት እንዴት እንደሆነች ብታያት! "ዞረ! ዳንቢ፣ ነይ፣ ዞረ!" ብላ አጨበጨበች። ቆጣሪውን ቢንግቶክ፣ ያን ጥቅልል ቂጣ፣ ጋበዘችው፤ እኔ በላሁለት።

ያልቆጠርኩት ነገር ቢኖር ሊቀመንበሩን ነው። በጥቁሩ የድንጋይ አጥር ላይ አንገታቸውን አሰገጉና "እመቤቲቱ ያላጠፋችውን እኔ ምን በወጣኝ!" ብለው የራሳቸውን ሶላር አበሩት። እሳቸውን አይቶ ጎረቤታቸው፣ እሱን አይቶ ቀጣዩ። በዚህ መንደር ሽማግሌዎች ሊፎካከሩበት የማይችሉት ነገር ቢኖር እስካሁን አልተገኘም። መሥመሩ ሲበዛበት ራሱን ቆረጠ። በእኩለ ቀን መንደሩ ጭጭ አለ። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያ "ውድ ነዋሪዎቻችን፣ ጥንቃቄ..." ሲሉ ነበር የተቋረጡት፤ ካደረጉት ንግግር ሁሉ የተሻለው ነው።

የዓሣ እርባታው ፓምፖች ቆመው ነበር። ጄኔሬተሩ በጊዜ ተነሣ፤ ምንም አልሞተም። ግን ባለቤቱ ወደ ገንዳው ሲሮጥ ፊቱን አይቻለሁ፣ አክስቴ። ከዚያ ወዲህ ያ ፊት ምግብ ስበላ ይመጣብኛል። በዚህ አልቀልድም።

አያቴስ? መንደሩን ሁሉ የቀጣው የእሷ መሬት መሰላት። ወደ ሠራተኞቹ ደውላ ቀን ቆረጠች። የሲንጉጋኑ ሰኞ መጥተው ይነቅላሉ። ማሳውን ስታየው አሁን ኩርሲዋ ላይ አትቀመጥም፤ ቆማ ነው የምታየው፣ እንግዳ እንደምትሸኝ።

እኔ አንቺን ላድን ብዬ እሷን አጠፋኋት። የአንቺን ስም ሳላነሳ የምናገረው አንድም እውነት የለኝም። ፈልጌልሻለሁ፣ የለም።

ዳንቢ


ናጁ
ጃንዋሪ 12

ዳንቢ፣

ስለ ዓሣ እርባታው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንዲት ዓሣ ብትበዛ ማን ይቆጥራል ላልሽው፣ እኔ እቆጥራለሁ። ሥራዬ እሱ ነው። ግን ጥፋቱን ብቻሽን አትሸከሚው። ያን እሑድ ነጥቧ ከትእዛዙ በኋላ ሳትወርድ ስትቀር አይቻታለሁ። ወዲያው መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም፤ እማዬ ደስ ብሏት ይሆናል ብዬ ትንሽ ዝም አልኩ። ስለዚያች ትንሽ ዝምታ በመሥሪያ ቤት ተጠይቄአለሁ፤ ዝርዝሩን ተይው።

አሁን ስሚኝ። ትንንሽ ማሳዎችን ሰብስቦ እንደ አንድ ጣቢያ ገበያ የሚያስገባ ማኅበር እዚያው ደሴቱ ላይ አለ። እማዬ ከገባች ከሰልፉ ውጭ መሆኗ ይቀራል፤ ከዋዜማው ታውቃለች፣ ሲበዛም ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ እሷ ሙሉ በሙሉ አትጠፋም። የሚያስፈልገው አንድ መቆጣጠሪያ ሳጥን በምሰሶ ላይ ማሳው ውስጥ መትከል ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል ማለት ነው። መቼ እንደሚፈቀድ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፈቃድ ወስጃለሁ። በሲንጉጋኑ ቅዳሜ ከሞክፖ በመርከብ እመጣለሁ። እንዳትነግሪያት፤ ከነገርሻት በሩን ትቆልፋለች። ካልነገርሻትም ትቆልፍ ይሆናል። ፈርቻለሁ።

ሚርዮንግ


ሶክባት
የሲንጉጋን እሑድ

አክስቴ፣

ይህን የምጽፍልሽ አንቺ ከዚህ ግድግዳ ማዶ ቆመሽ ሳለ ነው። ከመርከብ ትኬትሽ ጋር ቦርሳሽ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ባሕር ላይ ታነቢዋለሽ። ፊት ለፊት ልልሽ ያልቻልኩት ነገር አለ፤ እደርስበታለሁ።

ትናንት ስትመጪ አያቴ በሩን አልቆለፈችም። ከዚያ የባሰውን ነው ያደረገችው። ለእንግዳ የሚወጣውን ሳህን አወጣችልሽ። "ክብርት እንግዳ፣ ትንሽ ይጨምሩ። ክብርት እንግዳ፣ ዓሣው አልጣመዎትም?" አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ስትበዪ እኔ ሳቄንም ልቅሶዬንም አንድ ላይ ዋጥኩት፤ ሁለቱ አብረው አይዋጡም፣ አትሞክሪው።

ዛሬ ረፋድ ስልኩ ሲጮኽ አንቺ ጓሮ ነበርሽ፣ ስለዚህ የሆነውን አላየሽም። አነሣሁት። "እህ" ልል አፌን ከፈትኩ። አያቴን ቆጣሪው ፊት ቆማ አየኋት። አማልክቱ የሉም፣ የሚቀጣ የለም፤ በእነዚህ ቀናት ጉድጓድ መቆፈር ከተፈቀደ እውነት መናገርም ይፈቀዳል ብዬ ስልኩን እጇ ላይ አኖርኩት።

"ክብርት ባለ ጣቢያ፣" አለ ያ ወጣት፣ "ደሴቱ ላይ ኃይል ስለበዛ ከረፋዱ አምስት እስከ..."

አያቴ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው። መልሳ አስጠጋችው። "ልጄ፣ አንተን ማን ወለደህ?"

"እ... ክብርት ባለ ጣቢያ፣ ትእዛዙን..."

"ቁርስ በልተሃል ወይ?"

ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ በልጅ ድምፅ፣ "አልበላሁም፣ እማማ።"

"እሑድ በባዶ ሆድህ ነው የሰው ፀሐይ የምታስጠፋው?"

"ይቅርታ እማማ፣ መሥመሩ ይቀረጻል።"

"ይቀረጽ! አለቃህ ይስማው! ልጁን ሳታበሉ አታሠሩት!"

"እሺ እማማ። ሳልዎትስ ተሻለዎት?"

አያቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ በዚያ ሰዓት እግሮቼን እያመሰገንኩ ነበር።

እናም የገባሁበት እዚህ የማዳበሪያ ከረጢቶች ያሉበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ አንዱ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ከጥቂት በኋላ ድምፃችሁ መጣ። የምትሉትን ሁሉ እሰማለሁ። ይቅርታ፤ በጣም አይደለም።

"ለሁሉም እንደዚያ ነው የምትሉት?" አለችሽ።

"ለሁሉም።"

"ለሊቀመንበሩም?"

"ለእሳቸውም። ክቡር ባለ ጣቢያ።"

"ለዚያ ጅል?" አለች፤ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፣ ያዘችው። "ታዲያ ያን ቀን አንዴ እማዬ ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

አንቺም መለስሽላት፦ "እማዬ ካልኩ ላለቅስ ነው። ገና የምደውልላቸው ሰዎች ነበሩ።"

ከዚያ አንቺ መሬቱ እንዳልተቆጣ፣ የምታጠፊው አንቺ እንደሆንሽ፣ ሁልጊዜም አንቺ እንደሆንሽ ነገርሻት። እሷ ደግሞ የተናገረችውን አንቺም ሰምተሻል፤ እኔ የምጽፈው ለራሴ ነው። "በመደወልሽ የተናደድኩ መሰለሽ? አንድ ቀን ተናደድኩ፣ አለቀ። ጥሪው ቆሟል ያሉኝ ቀን ነው የባሰው። የሚቀጥለውን እየጠበቅሁ ነበር እኮ። ስልኩ ጭጭ ሲል፣ ልጄ ጨርሳ ተወችኝ አልኩ። ልጅም ፀሐይም የማይገባበት ማሳ ምን ያደርግልኛል?"

እዚህ ጋ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። አክስቴ፣ ጥሪው ቆሟል ያልኳት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ልልሽ ያቃተኝ ይህ ነው። ሰላም ያመጣሁ መስሎኝ ጥሪሽን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። አንቺ ይህን እያወቅሽ አላጋለጥሽኝም። "ስህተት ነበር" ብቻ አልሻት።

አሁን ስለ ሳጥኑ እየነገርሻት ነው። ነገ ሠራተኞቹ ሲመጡ ከመንቀል ይልቅ ይተክሉታል፣ ቁፋሮውም በሲንጉጋን ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይደውልልሽም አልሻት። ምነው እንደዚያ ባላልሽ!

"ማንም?" አለች አያቴ።

"ማሽኑ ራሱ ይሠራዋል።"

"እንግዲያ አልፈልግም። ይነቀል።"

"እማዬ!"

"በምን ሰበብ ልትደውዪልኝ ነው?"

በግድግዳው ቀዳዳ አንቺ እጇን ስትይዢ ይታየኛል፤ እሷም አላስለቀቀችሽም።

"እሑድ እሑድ፣" አልሽ፣ "ምንም ሳላስጠፋሽ እደውላለሁ።"

"ረፋድ ላይ።"

"ረፋድ ላይ።"

"ቁርስ በልተሽ።"

"በልቼ።"

"ያም ልጅ በልቶ። እንግዲያ ለሴኡሉ ሰው ንገሪው፣ ካፌውን ሊቀመንበሩ ሳሎን ውስጥ ይሥራ። በይ ነዪ፣ አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የዛሬውን አብረን እናጥፋው። አንቺ ቁጠሪልኝ፣ እኔ እጫናለሁ።"

አክስቴ፣ እንኳን ደስ... ቆይ። እየመጣችሁ ነው? ለምን ወደዚህ... ማጥፊያው! ማጥፊያው ያለው እዚህ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ከራሴ በላይ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስሮጥበት የኖርኩት! የቡ ቤተሰብ ዲፕሎማት ለመደበቅ የመረጠችው ሁለታችሁም መምጣት ያለባችሁን አንድ ቦታ ነው። ከረጢቱ ኋላ ልግባ... አልበቃም... በሩ እየተከፈተ

ሁለታችሁም በአንድ ላይ፣ በአንድ ድምፅ፦

"ዳንቢ!"